«አባወራው የታል?» ለምትሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጋዜጣችሁን ከ10 ዓመት በላይ ያነበብኩ፣ ግን እስከ ዛሬ አንድም መስመር ጽፌላችሁ የማላውቅ ሴት ነኝ። ከሱቄ ጎን ያለው ቡና ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ይገዛዋል፣ ሰው ሁሉ አገላብጦት ሲያበቃ ማታ ላይ እኔ ጋ ይመጣል። ባለፈው ሰሞን ከወግ ስለወጡ ኑሮዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍም ያገኘሁት እንደዚያው ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ላነበው ስል መቀሱን አስቀምጬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ጸሐፊው ብዙ ሰው አንድ ከረጢት ውስጥ ከተዋል። ሳያገባ የሚኖረውን፣ ሰርግ ሳይደግስ የተጋባውን፣ ከተማውን ጥሎ ገጠር የገባውን፣ ጸጉሩን ያንጨበረረውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ነገሩ በሙሉ በስልክና በፊልም ከውጭ የገባ በሽታ ነው አሉ። መድኃኒቱም ወላጅ ልጆቹን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው አሉ። ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የሰጉ አባት ናቸው። ግን ስለ እኔ እየጻፉ እኔን አንዴም አልጠየቁኝም፤ እና ሳልጠየቅ ልመልስ።

47 ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ሰው ይህንን ሲሰማ ወዲያው ከኋላው ሌላ ታሪክ ይፈልጋል። ማን ጎዳት? ማን ከዳት? ምን አይታ ነው? ማንም አልከዳኝም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮልኝ ነበር፣ ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ አንደኛው እስከ ዛሬ ለልጆቹ የጥምቀት ልብስ እኔ ጋ ያሰፋል። አልፈለግኩም። ማለዳ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ማንንም ሳላናግር ሻዬን ጠጥቼ፣ ጨርቁን ዘርግቼ ስቀድ ደስ ይለኛል። ማታ በሩን ከፍቼ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ስገባ ደስ ይለኛል። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው።

ለዚህ ኑሮ ግን እኛ ስድብ እንጂ ስም የለንም። ከኋላዬ «ቁሞ ቀር» ይላሉ። ፊት ለፊት ሲያገኙኝ ደግሞ ይመርቁኛል። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!» እናቴን አስታምሜ ቀብሬአለሁ። ሁለት የወንድሜን ልጆች አስተምሬ ለቁም ነገር አድርሻለሁ። አራት ሰው ከእኔ ጋር እየሠራ እንጀራ ይበላል። ወግና ማዕረጉ ግን ገና አልደረሰኝም፣ ገና ይመኙልኛል። እኔም አሜን እላለሁ፣ ከልቡ የመረቀኝን ሰው አሜን ሳልለው አላልፍም። ግን ይቆረቁረኛል።

ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ያሳየችኝ አክስቴ ናት። አንድ የዓብይ ጾም ቀን ቤቷ ሄጄ በርበሬ ስንቀነጥስ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ባል ባትፈልጊም ቆብ ብትደፊ እኮ ማንም ምንም አይልሽም ነበር» አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ቆብ የደፋች ሴት ባል የላትም፣ አትወልድም፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ሰውም «እማሆይ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳላታል። እኔም ባል የለኝም፣ አልወለድኩም፣ ብቻዬን እኖራለሁ። የእነሱ ምንኩስና ከእኔ ኑሮ ጋር እኩል ነው እያልኩ አይደለም፣ እነሱ ለእግዜር ብለው ነው፣ እኔ ስለተመቸኝ ነው። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰውን የሚያስጨንቀው ብቻዬን ማደሬ አይደለም። ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አለማወቁ ነው።

ከወግ የወጣ ሰው ደግሞ ለዚህ አገር መቼ አዲስ ሆነ? ዋሻ ገብቶ ቅጠል እየበላ የሚኖረውን ባህታዊ ማን ከውጭ አመጣው? የቆሎ ተማሪውስ? ገና ልጅ ሆኖ ከእናት ከአባቱ ቤት ጠፍቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ነበር የሚማረው። ወላጅ ከኋላው እያለቀሰ፣ ከብቱን ማን ይጠብቅልኛል እያለ። ስንት ሊቅ የወጣው ከቤቱ ከጠፋ ልጅ ነው!

ከራሴ ሥራም ልነሳ። ዛሬ በሰርግ፣ በጥምቀት፣ ውጭ አገር ባለው ወገናችን ሁሉ የምንኮራበትን ሸማ የሚሠራው ሰው ስንት ዘመን ተንቆ ኖረ! ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ማዕድ ሳያጋሩት፣ ልጅ ሳይድሩለት፣ ዓይኑ ይበላል እየተባለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታቀብ እስከ ማወጅ ደርሰዋል፤ ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው ንጉሥ አዋጅ የሚያስነግርበት? አዋጁም ስድቡን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ከጋሞ ደጋ መጥተው ጉለሌና ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ምን ምን ሲባሉ እንደነበር እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሥራ ስጀምር፣ ያኔ ሩቅ ዘመን አልነበረም። አሁን ያንኑ ሸማ ለብሰን «ወጋችን ነው» እንላለን። ወጉን በእጁ የሸመነልንን ሰው ግን ከወግ ውጭ ነበር ያስቀመጥነው።

«ከውጭ የመጣ ነው» ለሚለው ደግሞ አንድ ቦታ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ፣ አውራ አምባ።

በ2008 ዓ.ም. ለጨርቅ ባሕር ዳር ሄጄ፣ አንድ ደንበኛዬ ፎጣና የአንገት ልብስ የሚሸምን መንደር አለ ስላለችኝ በሚኒባስ ወደ ወረታ ወጣሁ። ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፎገራ ወረዳ፣ ወረታን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። የሄድኩት ዋጋ ለመጠየቅ ነበር። ሳላስበው ሁለት ቀን ቆየሁ።

መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ባዘቶውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንዝርት ያሾራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከጥጥ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወንድ ሲፈትል ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ፣ ይህንን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የማውቀው። ከዚያ ሽመና ቤት ስገባ ሴቶች እቃው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይልካሉ። አንዷ ድሩ ተበጠሰባት። ጫፉን በምራቋ አርጥባ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሽታ ቀጠለችው፣ መቀጠሉ እንኳን አይታወቅም። ቆሜ አየኋት። ጨርቁን በእጄ ይዤ ወደ ብርሃን ዘረጋሁት፣ የሴት እጅ ይሁን የወንድ እጅ ይሁን ጨርቁ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

መንደሩን የመሠረቱት አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው። የገበሬ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ። ታሪካቸውን ደጋግመው ተናግረውታል፣ እዚያም ነግረውኛል። በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው፣ ማታ አባት ሲያርፉ እናት ግን ሲፈጩ፣ ሲጋግሩ፣ የባላቸውን እግር ሲያጥቡ እያዩ፣ ለምን? ብለው ጠየቁ። ይህችን «ለምን» ይዘው ሲዞሩ ቤተሰቡ ልጁ አእምሮው ተነክቷል አለ። በ1964 ዓ.ም. 19 ሰዎች ሆነው ጀመሩት። እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ፣ በ1964 ፎገራ ላይ የትኛው ስልክ ነው ይህንን ያስተማረ? የትኛው ፊልም?

እዚያ ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ የቻለ የቻለውን ይሠራል። ፈጣሪ አንድ ነው ብለው ያምናሉ፣ ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። ሰርግ አይደግሱም። ለቅሶ አይቀመጡም፤ የሞተውን ጥቂት ሰው ይቀብረዋል፣ ሌላው ሥራው ላይ ይውላል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከጎረቤት ያቆራረጣቸው ከሁሉ በላይ ይሄኛው ይመስለኛል። ወንድ እንጀራ ጋገረ ተብሎ ሊሳቅ ይችላል፣ ሊታለፍም ይችላል። ለቅሶ የማይደርስን ሰው ግን አገር አይታገሰውም። ለቅሶ መድረስ እኮ እዳ ነው፤ ደርሰህልኛል፣ እደርስልሃለሁ። እነሱ እዳውን አንገባም አሉ።

ብዙ ከፈሉ። በደርግ ጊዜ በጠላትነት ተከሰሱ፣ መንደራቸውን ጥለው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ እጅ ገብቶ ጠበቃቸው። የቀራቸው 17 ሄክታር ተኩል ነው። ለመቶዎች ሰው ይህ ምን ያርሳል? ሸማኔ የሆኑት፣ ወፍጮ የተከሉት፣ ሱቅ የከፈቱት ለዚህ ነው። እኔ ያንን ጨርቅ ያገኘሁት መሬት ስለጠበባቸው ነው፣ ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ልቤን የነካኝ ግን ሽመናው አልነበረም። የአረጋውያን ቤታቸው ነው። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበት፣ ንጹሕ፣ የጭቃ መደቡ ሁሉ የተለሰነ ቤት። አንዲት እናት ተኝተው አንዲት ወጣት ተራዋ ሆኖ ጸጉራቸውን ታበጥራለች። ልጃቸው ናት? ብዬ ጠየቅኩ። አይደለችም፣ ተረኛ ናት። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ገቢው ለአቅመ ደካሞች እንደሚሆንም ነገሩኝ። ለቅሶ የማይቀመጡትም ሰው ከሞተ በኋላ የሚወጣው ወጪና ድካም በሕይወት እያለ ይውጣለት ብለው ነው።

እኔ እዚያ መኖር አልችልም። ፋሲካን ያለ ዶሮ፣ ጥምቀትን ያለ ታቦት አላስበውም። እናቴን ሳላለቅስ መቅበርም አልችልም። አውራ አምባም ራሱ ጥብቅ ወግ አለው፣ ያንን ወግ የማይቀበል ሰው እዚያም ቦታ የለውም፣ ይሄን ደብቄ ላሞጋግሳቸው አልፈልግም። ግን አዲስ አበባ ስመለስ በመንገድ ሁሉ ያቺ ጸጉር አበጣሪ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እነዚህ ሰዎች የአገሩን ወግ ሲተዉ፣ ወጉ ይሠራላቸው የነበረውን ሥራ አልተዉትም። ራሳቸው ሠሩት። እኔስ? እኔ ማን ነው ጸጉሬን የሚያበጥረው? እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቡድን በአውቶቡስ ሞልቶ አውራ አምባን ይጎበኛል። ፎቶ ይነሳል፣ ድንቅ ነው ይላል፣ ሻርፕ ገዝቶ ይመለሳል። ያው ሰው ጎረቤቱ ያላገባች ሴት ስትሆን ግን ማታ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ይቆጥራል። ራቅ ሲል ያስደንቀናል፣ ግድግዳ ስንጋራ ያስፈራናል።

ኮንዶሚኒየሙ ደርሶኝ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ እድር መመዝገብ ነበር። እናቴ ያኔ እኔ ጋ ናት፣ ታማ ተኝታለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ላይ ሄድኩ። ዳኛው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ፣ ቀጥለው «አባወራው የታል?» አሉኝ። «አባወራውም እማወራውም እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠ፣ ስሜን ጻፈ፣ የባለቤት ስም የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ።

«ባል የሞተባት ልበል?»

«አልሞተብኝም።»

«የፈታሽው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ባዶ ተወው አልኩት። ባዶ አይሆንም አለ። መዝገብ ነው፣ ባዶ መስመር ሲኖር ያልተጣራ ነገር ያለ ይመስላል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። በሚቀጥለውም ተላለፈ። ባል የሞተባት ቢሉኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ አባል ነበርኩ። አንዳንዴ ሳስበው፣ እሺ ብል ምን ነበረበት እላለሁ። ግን ያልነበረ ባል ገድዬ እድር መግባት አልቻልኩም። ሕጉ እንኳን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ጋብቻ በሁለቱም ሙሉና ነፃ ፈቃድ ካልሆነ አይጸናም ይላል። ፈቃድ ያለበት ነገር አለመፍቀድም እንዳለበት ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ስብሰባ ሳይደርስ እናቴ አረፈች። ሐሙስ ለሊት ነው። ድንኳን አልመጣም። ጡሩምባ አልተነፋም። ወንድሜ ከቢሾፍቱ እስኪደርስ እኔ ነኝ በስልክ ወንበር ስከራይ፣ ሸራ ስጠይቅ ያነጋሁት፣ እናቴ በሚቀጥለው ክፍል ተገንዛ ተኝታ። ይህንን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ፎቅ ወደ ታች የምትኖር፣ ደረጃ ላይ «ደህና አደርሽ» ከመባባል ውጭ የማላውቃት ሴት ናት። በአንድ እጇ የንፍሮ ድስት፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ሲኒና ጀበና። አላወራችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ከሰሉን አቀጣጠለች። ሦስት ቀን ወደ ቤቷ ለመኝታ ብቻ ነው የሄደችው። በኋላ ነው የነገረችኝ፣ እሷም ከእድሩ ውጭ ናት። የተመዘገበችው በባሏ ስም ነበር፣ ሲፋቱ አባልነቱ አብሮት ሄደ። ስድስት ዓመት መዋጮውን የከፈለችው ግን እሷ ነበረች።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሁለታችን ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ያቺን የአውራ አምባ ልጅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኛስ ለምን አንሠራም?» አለች። እንዲህ ነው የጀመርነው። በዚያው ግቢ ሌሎችም ተገኙ፤ ጡረታ የወጡ የ71 ዓመት መምህርት፣ ከቤይሩት ከ12 ዓመት በኋላ ተመልሳ ዘመድ ሁሉ ገንዘቧን እንጂ እሷን ያልጠበቃት ልጅ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ ሌሎች ሁለት። ሰባት ሆንን። ስም አላወጣንለትም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ እንገናኛለን፣ 100 ብር እናዋጣለን። አንድ ትልቅ ብረት ድስት ገዛን፣ 30 የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሸራ። መጀመሪያ የተስማማነው ግን ቁልፍ ላይ ነው። የእያንዳንዳችን ትርፍ ቁልፍ ሌላዋ ቤት ተሰቅሏል። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ድረስ በስልክ አንድ ቃል ያልላከች ቤቷ ይከፈታል።

ብዙዎች በዚህ ሳቁብን። አምና በክረምት፣ መምህርቷ ድምፃቸው ጠፋ። 2 ሰዓት ሲሆን ቁልፉ ያለባት ልጅ ሮጠች። መታጠቢያ ቤት ወድቀው አገኘቻቸው፣ ከለሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ ነበሩ፣ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ተራ በተራ ተካፈልነው። ሆስፒታል ያደረው፣ ያጠበው፣ ያበላው፣ ፊዚዮቴራፒ የወሰደው ሁሉ ከእኛ አንዷ ነበረች። እኔ የቅዳሜ ለሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ማበጠሪያ አምጪ አሉኝ። ጸጉራቸው ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ ከባዘቶ አይለይም። እያበጠርኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ እንዳያዩኝ።

የእድሩ ዳኛ ይህንን ሰምተው በእግራቸው መጥተው ጠየቋቸው። ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመው «ልጄ፣ እሁድ ነይ» አሉኝ። ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፣ ያቺው መስመር ላይ ደረሰ፣ ዳኛውን ቀና ብሎ አያቸው። «ሰረዝ አስምርበት» አሉት። አሰመረበት። አሁን አባል ነኝ፣ ጎረቤቴም በራሷ ስም ገብታለች፣ ከእሷ ስም ጎንም ሰረዝ አለ። አንድ ሰረዝ ነበር የጎደለው። ዳኛውን አልቀየምም፣ በዚያ ዕድሜ የለመዱትን መዝገብ ማስተካከል ቀላል አይደለም።

ለወጣቶቹም የምለው አለኝ፣ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ ልክ ስላልሆነ። ሱቄ የሚመጡ፣ «እኔ በራሴ መንገድ ነው የምኖረው፣ ማንም አያገባውም» የሚሉ ልጆች አያለሁ። ደስ ይሉኛል፣ ድፍረታቸው ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዶቹ የበር ጎረቤታቸውን ስም አያውቁም። ለቅሶ አይሄዱም፣ የታመመ አይጠይቁም፣ እሱም የወግ አካል ነው ብለው አብረው ጥለውታል። ያገባ ሰው ሲታመም ሚስቱ አለች፣ አማቱ አለች፣ እድሩ አለ፣ ሳይለፋ ያገኘው ሰው አለው። ያላገባ ሰው እያንዳንዱን ሰው አንድ በአንድ፣ ቡና አፍልቶ፣ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ ነው የሚያገኘው። ይሄ ኑሮ ነፃ ነው፣ አዎ፣ ግን ከሌላው ይልቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ ይህንን ያወቅኩት በ40 ዓመቴ ነው፣ ዘግይቼ።

ለጸሐፊው ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ልጅዎ ነገ መጥታ አላገባም ብትልዎት ጠበቅ አድርገው ከመያዝዎ በፊት ማን አለሽ ብለው ይጠይቋት። ብትታመሚ ማን በርሽን ይከፍታል? ማንስ ጋ ነው የአንቺ ተራ? መልስ ካላት ይተዉአት። ከሌላት አብረዋት ይፈልጉ። አባት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ 24 ዓመቷ ነው፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ጥለት ስትገጥም መስመሩ አይዛነፍም። ባለፈው ወር ሽማግሌ ሊላክባት ነው ተብሎ ከቤት ተደወለላት። ማሽኑን አቁማ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እትዬ፣ አልፈልግም ብል ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ይሉሻል አልኳት። ብዙ ይሉሻል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ገና 24 ዓመትሽ ነው፣ አሁን አልፈልግም ያልሽውን በ30 ልትፈልጊው ትችያለሽ፣ ያም የአንቺ ነው፣ ለማንም ብለሽ እምቢ እንዳትይ፣ ለማንም ብለሽም እሺ እንዳትይ። ከዚያ የት ነው የምትኖሪው፣ ከማን ጋር ነው የምትውዪው፣ ቁልፍሽ ማን ጋ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ማንም ጋ አልነበረም።

የዚህ ወር ስብሰባ እኔ ቤት ነበር። መምህርቷ በምርኩዝ ደረጃውን ወጥተው መጡ፣ በራሳቸው እግር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ልጅቷ በሩን አንኳኳች። በአንድ እጇ ዳቦ ይዛለች፣ በሌላው 100 ብርና በቀይ ክር የታሰረ ትርፍ ቁልፍ።